የጥር 28ቱ ልጅ፦ የልጅ ኢያሱን ልጅነት ከደሴ ጓዳ ማንበብ

ደሴ ላይ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅና አልጋ ወራሽ የነበረው የልጅ ኢያሱ ነገር ሲነሣ ክርክሩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ሰልሞ ነበር ወይስ አልሰለመም? ከአልጋ ከወረደ በኋላ አባቱ በተዋጉበት በሰገሌ ጦርነት የተሸነፈው ወሎ ነው ወይስ አንድ ቤተ ዘመድ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጥያቄው ከሽማግሌዎች የቡና ወግ ወጥቶ የእጅ ስልክ ላይ ወርዷል። አንዱ ወገን የእስልምና ባለውለታ ያደርገዋል፣ ሌላው ዘውዱን የካደ ይለዋል፣ ሦስተኛው የብሔር ጀግና አድርጎ ያነሣዋል። ሦስቱም ታዲያ ማስረጃቸውን ከልጅነቱ ይመዛሉ። «ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር» ይባልና በ1909 ዓ.ም. የሆነው ሁሉ ገና በአንቀልባ ሳለ ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ይመስላል።

የልጅ ኢያሱ ልጅነት ግን መነበብ ያለበት ከተወለደበት ቤት ወደ ፊት እንጂ ከሰገሌ ወደ ኋላ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ማን ነበር? ማን ማንን አገባ? ወጡ በስንት ድስት ይሠራ ነበር? ልጁ በስንት ዓመቱ ምን ደረሰበት? እነዚህ ሊቆጠሩና ሊመረመሩ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የደሴ፣ የተንታና የኩታበር ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ለዚህ ሥራ ይቀርባል፤ ያ ዓይነት ቤት ዛሬም በአካባቢው አልጠፋምና።

ከልደት ቀኑ እንጀምር፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያው ነው። በብዛት የሚጻፈው ልጅ ኢያሱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1895 ተወለደ ተብሎ ነው። ዓመቱን ወደ ፊት የሚገፉም አሉ። ይህን ቀን ወደ ራሳችን አቆጣጠር የሚመልስ ሰው ብዙ ጊዜ ዛሬ በሚያውቀው ልክ ይሄዳል፦ ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ይውላል፣ ስለዚህ ፌብሩዋሪ 4 ጥር 27 ነው ይላል። አንድ ቀን ጎደለው። ፈረንጆች 1900 ላይ የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ዘለውታል፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረጋችንን አላቋረጥንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለሆነ ነገር በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። በ1887 ዓ.ም. ጥር 1 የዋለው ጃንዋሪ 8 ላይ ነው፤ ፌብሩዋሪ 4ም ጥር 28 ይሆናል።

ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ዓለም ሁሉ የተሳሳተበት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. መሆኑን ማንም ያውቃል። በፈረንጅኛው ሁሉም ጁላይ 23 ቀን 1892 ብሎ ይጽፈዋል። በትክክል ሲቆጠር ግን የዚያ ዓመት ሐምሌ 1 ጁላይ 7 ላይ ስለዋለ ሐምሌ 16 ጁላይ 22 ነው። የሃያኛውን መቶ ዓመት ልክ ወደ አሥራ ዘጠነኛው ወስደው ስለለኩት ነው አንድ ቀን ያለፈው። ከ1892 ዓ.ም. በፊት የተወለደ የማንንም ሰው ቀን የሚያሰላ ሁሉ ይህን ማስታወስ አለበት።

ጥር 28ን ከያዝን በኋላ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያው ስሌት፣ ብዙ ይነግረናል። ስሌቱን ማንም በወረቀት ሊከተለው ይችላል። 1887 ላይ 5500 ሲደመር 7387 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ሉቃስ ነው። ለ19 ሲካፈል 15 ይተርፋል፤ አንዱን ትተን ወንበሩ 14 ይሆናል። 14 በ11 ሲባዛ 154፣ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 4። 14 በ19 ሲባዛ 266፣ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 26። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጥተዋል። አሁን ዕለቱን እንፈልግ። የ7387 አራተኛ፣ መጠነ ራብዒቱ፣ 1846 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 9233። ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ መስከረም 1 ሰኞ ዋለ ማለት ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ነው፤ መስከረም 26 ደግሞ ዓርብ ላይ ይውላል። የዓርብ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የተወሰነው ተጨማሪ ቁጥር፣ 2 ነው። 26 እና 2 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ፣ የነነዌን ቀን የሚሰጠው ቁጥር፣ 28 ይሆናል። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ነው፤ ስለዚህ የ1887 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ የገባው ሰኞ ጥር 28 ነው።

ልጁ ተወለደ የተባለበት ቀን ማለት ነው። ሰኞ፣ የነነዌ መግቢያ፣ በወሩ 28 አማኑኤል። ይህ ስሌት ቀኑን በራሱ አያረጋግጥም። ቀኑ እውነት ከሆነ ግን አብሮት ምን መኖር እንዳለበት ይናገራል። ከነነዌ በ14ኛው ቀን፣ የካቲት 12፣ ዐቢይ ጾም ገባ። ፋሲካው ሚያዝያ 7 ዋለ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ የተወለደበትን ቀን አንድ ብለን ብንቆጥር 40ኛው ቀን መጋቢት 7 ላይ ይወድቃል፤ የሑዳዴ መካከል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «በክርስትናው ዕለት ይህን ያህል ሰንጋ ወደቀ» ብሎ ቢተርክ ጥያቄ መነሣት አለበት። ድግሱ ከፋሲካ በኋላ የተደገሰ ሌላ ድግስ ይሆን? ሰንጋው ለሙስሊሙ ወገን ብቻ የታረደ ይሆን? ወይስ የልደት ቀኑ ራሱ ሌላ ነው? ሦስቱም ይቻላሉ። መመርመሪያ መኖሩ ግን ትረካውን ከስሜት ወደ ማስረጃ ያመጣዋል። ዓመቱ 1888 ነው ወይም 1889 ነው የሚል ሰውም ያንኑ ስሌት ለየዓመቱ ሠርቶ ትረካው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ማየት ይችላል።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ብቻ እናንሣ። በዚያ ዘመን የአንድ ራስ ግቢ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀስ ነበር። ተንታ በወሎ የነበረው የዋራ ሂማኖ ግዛት መቀመጫ ነበረች፤ ደሴ ደግሞ በአባቱ በራስ ሚካኤል ዘመን ነው ከተማ እየሆነች የመጣችው። «ደሴ ተወለደ» የሚለው አነጋገር አንዳንዴ «በአባቱ ግቢ ተወለደ» ከማለት የዘለለ ላይሆን ይችላል። ሰነድ ሲጠቀስ ሰነዱ የሚናገረው ስለ ግቢው ነው ወይስ ስለ ቤቱ ብሎ መለየት ይገባል።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። አባትየው የተወለዱት መሐመድ አሊ ተብለው ነው፤ የዋራ ሂማኖ የኢማሞች ዘር ናቸው። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ቅርብ በሆነችው ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ጉባኤ ጠርተው የወሎ መኳንንት እንዲጠመቁ ሲያስገድዱ መሐመድ አሊ ክርስትና ተነሡ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ፣ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የተጠጉ ሙሉ ሰው ነበሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚዘሉት ነገር ያለው። አንድ ትልቅ ሰው ሲጠመቅ እናቱ፣ አክስቶቹ፣ ወንድሞቹ፣ የጡት ልጆቹና ጭፍሮቹ አብረውት በአንድ ቀን አይጠመቁም። ኢያሱ ሲወለድ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ 17 ዓመት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ የአባቱ ወገን ዘመድ ብዛቱ ሙስሊም የሆነ፣ የቤቱ ራስ ግን ክርስቲያን የሆነ ግቢ ውስጥ ነው የተወለደው።

እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ የአፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። ከራስ ሚካኤል በፊት የራስ ጎበናን ልጅ ደጃዝማች ወዳጆ ጎበናን አግብተው ወሰን ሰገድ የሚባል ልጅ ወልደው ነበር። ለአልጋ የታሰበው የመጀመሪያው የልጅ ልጅ እርሱ ነበር፤ በአካል ዕድገቱ ምክንያት ታለፈ፣ ገና በለጋነቱም ሞተ። ለራስ ሚካኤል ደግሞ ሸዋረጋ ሁለት ልጆች ወለዱላቸው፦ ዘነበ ወርቅንና ኢያሱን። እናትየው ገና በልጅነቱ ሞቱበት። የእናት ሞት በዘመኑ መኳንንት ቤት የልጁን ቦታ ወዲያው ይለውጣል። ከሞግዚት ሞግዚት ይተላለፋል፤ ዕድሜው በአባቱ ግቢና በአያቱ ቤተ መንግሥት መካከል ይከፈላል። ኢያሱም የሁለት ቤት ልጅ ሆኖ አደገ፦ የወሎና የአዲስ አበባ።

ስሞቹን አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከስም ነው። የክርስትና ስሙ ክፍለ ያዕቆብ ነው። የፈረስ ስሙ አባ ጤና ነው፤ የአባቱ አባ ሻንቆ፣ የአያቱ አባ ዳኛው ናቸው። «ልጅ» ደግሞ ልጅነቱን የሚናገር ቃል አይደለም፤ ለመሳፍንትና ለመኳንንት ልጆች የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ተፈሪ መኮንንም ደጃዝማች ከመባላቸው በፊት ልጅ ተፈሪ ነበሩ። ኢያሱ ዘውድ ስላልጫነ ማዕረጉ ጸንቶ ቀረበት፤ አቤቶ ኢያሱ የሚሉትም አሉ። ወጣት አንባቢ «ልጅ» የሚለውን ሲያይ ሕፃን ንጉሥ ያስባል፤ ከዚያም ጥፋቱን ሁሉ በልጅነት ያመካኝለታል ወይም በልጅነት ይንቀዋል። ከአልጋ ሲወርድ ግን 21 ዓመት ከ7 ወር የሆነው ጎልማሳ ነበር።

ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ሁለት ድስት ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ለሌላው አንባቢ ግን ቀስ ብሎ መናገር ይገባል፤ ያለዚህ የልጅ ኢያሱ ነገር አይገባም። የተቀላቀለ ቤተ ዘመድ ሲደግስ ከብቱ ለሁለት ወገን ይቀርባል። አንዱን ሙስሊሙ ወደ ቂብላ አዙሮ «ቢስሚላሂ» ብሎ ያርደዋል። ሌላውን ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ብሎ ይባርከዋል። ከዚያ በኋላ ሥጋው አይገናኝም። ቢላው፣ መክተፊያው፣ ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ጭልፋው ይለያል፤ ወጥ ሠሪዎቹም ይለያሉ፣ ጉልቻውም ራቅ ራቅ ብሎ ይተከላል። እንጀራው ግን አንድ ነው፤ ከየጎረቤቱ የመጣው ተቀላቅሎ ይቀርባል። መጠጡ ለአንዱ ጠላና ጠጅ፣ ለሌላው ቀሪቦና ብርዝ ነው። ነገር የሚበላሸው ጭልፋ ሲሳሳት ነው። ከአንዱ ድስት የወጣች ጭልፋ ሌላው ውስጥ ከገባች ያ ድስት ለባለቤቶቹ አይበላም፤ ድግሱ ይጎድላል፣ ቂምም ይተርፋል። ስለዚህ አሳላፊ የሚሆነው ሁለቱንም ወገን በመልክ የሚለይ፣ የማንን ልጅ በየትኛው ትሪ እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ሰው ነው።

በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ልጅ ከፊደል በፊት የሚያውቀው ከየትኛው ድስት እንደሚበላ ነው። አጠገቡ ያለችው የአባቱ እህት ከሌላው እንደምትበላም ያውቃል። ሲሳም በሁለቱም ቋንቋ ይመረቃል፤ በአንዱ ደጅ ጸበል፣ በሌላው ደጅ የዱዓ ቡና ይቀምሳል። ይህ የእምነት መዋዠቅ አይደለም፤ ድንበሩን ከነአጥሩ ማወቅ ነው። የራስ ሚካኤል የደሴው አዳራሽ አይጠየፍ የተባለውም ከዚህ ልማድ ጋር ተያይዞ ነው፤ ሁሉን በየሥርዓቱ አስቀምጦ የሚያበላ፣ ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው። ስሙ ላይ ያለው ቃል ጠንካራ ነው። መጠየፍ የሚለው ሥጋና እጅ ላይ የሚነገር ቃል ነው፤ አዳራሹ በትክክል የሚመልሰውም ለዚያ ነው።

የሸዋ ቤተ መንግሥት ግን ያንኑ ምልክት በሌላ ቋንቋ ነበር የሚያነበው። በዚያ ዘመን የክርስቲያኑ ደገኛ አነጋገር ውስጥ በእስላም እጅ የታረደ መብላት ሃይማኖት መለወጥ ነው፤ ከሥጋው ይልቅ ምልክቱ ይከብዳል። ኢያሱ ካደገ በኋላ ከሙስሊም ቤት ገብቶ ተቀመጠ፣ አብሯቸው ዋለ፣ ከልጆቻቸው አገባ ሲባል፣ ለወሎ ጆሮ የቤተ ዘመድ ወሬ የሆነው ነገር ለአዲስ አበባ መኳንንት የክህደት ማስረጃ ሆኖ ደረሰ። እዚህ ላይ ግን ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ልጅነቱ ሁሉን ነገር አይፈታውም። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ያደረገው መቀራረብ የአዋቂ ሰው ፖለቲካ ነበር፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሚዛን፣ የቱርክና የጀርመን ጉዳይ፣ በዙሪያው የነበሩት የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ስጋት ሁሉ ገብተውበታል። ልጅነቱ የሚነግረን ያን ፖለቲካ ለመሥራት ለምን እንዳልከበደው ነው። የመረጠው ለምን እንደሆነ ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ከጓዳ ወጥተን ጋብቻውን ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። የዚያ ቤት ልጆች እያንዳንዳቸው ውል ነበሩ። ሸዋረጋ ለራስ ሚካኤል የተዳሩት ወሎን ከሸዋ ለማሰር ነው። የኢያሱ እህት ዘነበ ወርቅ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ገደማ በዕድሜ እጅግ ለሚበልጧት ለጎጃሙ ራስ በዛብህ ተዳረች፤ ብዙም ሳትቆይ በወሊድ ሞተች። ስለ መሪዎች ልጅነት ሲጻፍ የወንድሙ ስም ገጽ ሲሞላ የዚህች ልጅ ታሪክ በአንድ መስመር ማለፉ ያሳዝናል። የአንድ አገር ውል በአንዲት ሕፃን ማኅፀን ላይ ተጽፎ ነበርና። ኢያሱ ራሱ በ1901 ዓ.ም. በ14 ዓመቱ የአልጋ ወራሽነቱ ሲታወጅ ወይዘሮ ሮማነ ወርቅ መንገሻን እንዲያገባ ተደረገ። ሙሽሪት የራስ መንገሻ ዮሐንስ ልጅ ናት፤ በእናቷ በኩል የራስ ወሌ የልጅ ልጅ ስለሆነች ከእቴጌ ጣይቱ ወገን ትመዘዛለች። ትግሬን፣ የጁንና እቴጌይቱን በአንድ ቀለበት ማሰር ነበር። ጋብቻው ሳይጸና ፈረሰ፤ በ1902 ዓ.ም. ደግሞ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ሰብለ ወንጌል መጣች፤ እንደገና ጎጃም።

ከዚህ ሁሉ ግን ለደሴ ሰው ቅርብ የሆነው ሌላው የቤቱ ክንፍ ነው። ራስ ሚካኤል ከሌላ እናት የወለዷቸው ወይዘሮ ስሂን አሉ። ባላቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ናቸው፤ ልጃቸው በኋላ እቴጌ መነን የተባሉት ናቸው። ዕድሜያቸውን ስናስተያይ አንድ የሚገርም ነገር እናገኛለን፦ መነን የኢያሱ የእህት ልጅ ሆነው ሳለ ከአጎታቸው በዕድሜ ይበልጣሉ። የአያት የመጨረሻ ልጅና የመጀመሪያ ልጅ ልጆች በአንድ ግቢ አብረው የሚያድጉበት ትልቅ ቤት ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ ዛሬ ግን «አጎት» የሚለው ቃል ሽማግሌ ስለሚያስመስል ትረካው ይዛባል። በሐምሌ 1903 ዓ.ም. መነንን ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ጋር እንዲጋቡ ያደረገው ኢያሱ ራሱ ነው። ወሎን ከሐረር ሊያስር አስቦ ነበር። ከአምስት ዓመት ጥቂት አለፍ ብሎ ያ የእህቱ ልጅ ባል አልጋ ወራሽ ተባለ፤ በዙፋኑ ላይ የተቀመጡት ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ የእናቱ እህት ናቸው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል የተዋጉት ከሟች ሚስታቸው እህትና ከልጃቸው ልጅ ባል መንግሥት ጋር ነበር። የደሴ ሰው ወይዘሮ ስሂን የሚለውን ስም በየቀኑ ይጠራዋል፤ ትምህርት ቤቱ ዕድሜ ልኩን በዚያ ስም ይታወቃል። በዚያ ደጅ ከሚያልፉት ተማሪዎች ስንቱ የኢያሱ እህት መሆናቸውን ያውቅ ይሆን?

ሞግዚት የሚለው ቃል ራሱ ሊቆምበት የሚገባ ነው። በአማርኛ ሕፃን የሚጠብቅም ሞግዚት ነው፤ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ወራሽ የሚያስተዳድርም ሞግዚት ነው። በ1901 ዓ.ም. ለኢያሱ ሞግዚትና እንደራሴ የተደረጉት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ። በሚያዝያ 1903 ሞቱ። ልጁ 16 ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ሞግዚት አልተሾመበትም፣ እርሱም አልፈለገም። አያቱ በሕመም ተኝተው፣ እናቱ ሞተው፣ አባቱ በደሴ ርቀው ሳሉ በሸዋ መኳንንት መካከል ብቻውን ቆመ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ዘውድ መጫንም አልቻለም። ከዚያም በኋላ የራሱን ዘውድ አላስቀደመም። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ አባቱን ንጉሠ ወሎ ወትግሬ አድርጎ አነገሠ። አባቱን ያነገሠ፣ ራሱ ያልነገሠ ልጅ ነው። ይህን ድርጊት የሚያስረዳ ነገር ከተፈለገ ከሞግዚት እጅ ወደ ሞግዚት እጅ የተላለፈው ልጅነት ውስጥ ቢፈለግ ይሻላል።

ከመስከረም 17 ቀን 1909 በኋላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ሁሉ ገልብጦታል። በመስቀል በዓል ዕለት ከአልጋ ሲወርድ የክሱ ዋና ነገር ሃይማኖት ስለነበር፣ ልጅነቱን ያነሣ ሰው ሁሉ ለክሱ መነሻ ፈለገለት። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኋላ ደግሞ ሌላው ወገን ያንኑ መነሻ ገልብጦ ለውዳሴ ተጠቀመበት። ሁለቱም የሚነሡት ከአንድ ስሕተት ነው፦ ሰውየው በ21 ዓመቱ የተከሰሰበትን ነገር በ5 ዓመቱ ሲሠራው ማየት ይፈልጋሉ።

ታዲያ ዛሬ ምን መሥራት ይቻላል? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ የጠፋ ዕቃ በወሬ አይመለስም። በሰው አፍ ያለው ግን ገና ሊሰበሰብ ይችላል፤ የሚሰበሰብበት መንገድ ወሳኝ ነው። ዛሬ 85 ዓመት የሆናቸው አባት የተወለዱት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከሰገሌ 20 ዓመት አልፎ። ኢያሱን አላዩትም። አያታቸው ግን የእርሱ እኩያ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ የሚናገሩት ከሁለተኛ አፍ ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ግን ከማን እንደሰሙት፣ ያ ሰው የት እንደነበረ፣ ስንት ዓመት ሳሉ እንደነገራቸው ከትረካው በፊት መመዝገብ አለበት። ይህ ካልተጻፈ ከሬዲዮ የሰሙትና ከአያታቸው የሰሙት አንድ ላይ ይፈስሳል፤ በኋላ የሚለይ የለም።

«ልጅ ኢያሱ ሰልሞ ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለራሱ ጥያቄ መልስ ይዞ ይመለሳል። «በአያትዎ ቤት ሥጋ ማን ያርድ ነበር? ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ በምን ድስት ይሠራለታል? ሕፃን ሲታመም መጀመሪያ ወዴት ይወሰዳል?» ብሎ የጠየቀ ግን ሊዋሽ የማይፈለግበትን ነገር ያገኛል። ሽማግሌዎችን በአንድ ላይ ሰብስቦ መቅዳትም ጉዳት አለው፤ ታላቁ ከተናገረ በኋላ ታናናሾቹ አክብረው ያጸድቁለታል። ለየብቻ፣ በየቤታቸው፣ ጧት ቡና ላይ ይሻላል። ስም ሲጠራ ከነአባቱ፣ ከነክርስትና ስሙና ከነፈረስ ስሙ ይጻፍ። ዘነበ ወርቅ ሚካኤል ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከዘነበ ወርቅ ጋር፣ የትግሬው ራስ መንገሻ ዮሐንስ ከጎጃሙ ራስ መንገሻ አቲከም ጋር እየተቀላቀሉ የተበላሸ ትረካ ብዙ ነው። ቀን ሲነገር ዓመቱን ከመጠየቅ ይልቅ በዓሉን መጠየቅ ያዋጣል። «ጾም ነበር? ሑዳዴ ነበር ወይስ ፍልሰታ? ረመዳን ገብቶ ነበር?» ሰው ዓመተ ምሕረት ይረሳል፤ የተበላውንና ያልተበላውን ግን አይረሳም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ሑዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገጠሙ የሚል ትረካ ከተገኘ ዓመቱን ወደ ጥቂት አማራጭ ያጠበዋል። ቀሪውን ከላይ የተሠራው ስሌት ይጨርሰዋል።

የልጅ ኢያሱ ዕድሜ በሙሉ 40 ዓመት ከ10 ወር ገደማ ነው። 7 ዓመት ከ4 ወር በአልጋ ወራሽነትና በሥልጣን አለፈ። ከ4 ዓመት በላይ በአፋር፣ በመቅደላና በትግራይ ሲንከራተት ኖረ። በጥር 1913 ከተያዘ በኋላ ወደ 15 ዓመት የሚጠጋውን በእስር ቆየ፤ በ1924 ለአጭር ጊዜ አምልጦ ተይዟል። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ታስሮ ሳለ ሞተ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ በይፋ አይታወቅም። ከዚህ ሁሉ በፊት ያሉት 14 ዓመታት ናቸው ለዙፋንም ለክስም ያልነበሩት፤ ስለ እነርሱ የሚያውቁ ቤቶች ካሉ ያሉት ከተንታ እስከ ደሴ ባለው መንገድ ዳርና ዳር ነው።